ስለ አዋላጇ አትንገሩኝ

«ከሰኞ ጀምሮ የተማሪ መታወቂያ የሌለው ሰው አይገባም ተብሏል። ታዲያ ይሄን ሁሉ መጋረጃ ለማን ብዬ ነው የማሳጥበው?» አለች የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ሙሉ መጋረጃ ጠረጴዛችን ላይ እየዘረገፈች። ተማሪዎቹ «ጸጥታ» ነው የሚሏት፤ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ይኸው አንድ ቃል ስለሆነ። የተናገረችው ለእኔ ሳይሆን ልብሱን ለምትመዝነው ባልደረባዬ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ የታጠቡት ልብሶች ላይ የቁጥር ወረቀት በመርፌ ቁልፍ እያያዝኩ ነበር። ሰባ ሦስት ቁጥርን ከጠበቃው ሸሚዝ ጋር ማያያዝ ሲገባኝ ከአንድ ሥጋ ሻጭ ሽርጥ ጋር አያያዝኩት።

ቤተ መጻሕፍቱ ከልብስ ማጠቢያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የምሳ ሰዓቴን እዚያ ነው ያሳለፍኩት። ዳቦዬን እየሄድኩ እበላለሁ፤ እጄን በር ላይ አራግፌ እገባለሁ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ስድስት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ ጀመርኩ። አንድ ቅጂ ብቻ ስላለ ለማንም አያውሱትም። መደብር ውስጥ ዋጋውን ጠይቄ ነበር፤ የቤታችን የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው። ስለ አንዲት አዋላጅ ነው ታሪኩ። ሁለት ሕፃናት አቀያይረሻል ተብላ ተከሳለች። አርብ ዕለት ገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ዳኛው መነጽሩን እየጠረገ ነበር፤ ሰዓቴ አልቆ ትቻት ወጣሁ። እኔ እንግዲህ ምንም ነገር ሲመጣ ከክፉው ነው የምጀምረው። ልጄ ሩብ ሰዓት ካረፈደች መኪና ገጭቷታል። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል። አለቃዬ «አንዴ ነይማ» ካለኝ ተባርሬያለሁ። በመጽሐፍ ውስጥ ግን ፍርሃቴ በከንቱ አይቀርም፤ የሚፈራላት ሰው አለቻ። አርብ ሌሊቱን ስለዚያች ሴት ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

የቁጥሩን ወረቀት እንደያዝኩ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔስ?» አልኳት።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ ከላይ የመጣ ነው፤ ማስታወቂያውም በሩ ላይ ተለጥፏል» አለች ጸጥታ። «ከተማሪ በቀር የሚጠቀም የለም ብለው ነው።»

«እንዴት የለም? በየቀኑ የምታዪኝ እኔ ማን ነኝ? ጡረተኞቹስ? ያ የአምቡላንስ ሹፌርስ?»

«መዝገቡ ላይ የላችሁማ። እኔ የማሰፍረው መታወቂያ አስይዞ የገባውን ነው። እናንተ ምን ታስይዙኛላችሁ? የወሩ ሪፖርት ላይ ‹ሌሎች› የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ መተው ስለማይቻል ዜሮ እሞላበታለሁ።» ይህን ስትል ፊቷ ቀላ። ክፋት የለባትም፤ ሳጥኑን ነው የሞላችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዜሮ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ቤተ መጻሕፍቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። በስድስት ሰዓት ወጥቼ እዚያው ብገባ በአምስት ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ገጽ እንዴት እንደምጨርስ ሳሰላ፣ ለሰው እንኳ ቢነገር የሚያስቅ ስሌት፣ ራሴን የቤታችን ደረጃ ላይ አገኘሁት። የባለቤቴን አባት ምሳ ሳላቀርብ የት እሄዳለሁ? ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜን ከእኛ ጋር አይውልም። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ የአባባ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ አለ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ በየሱቁ እየዞሩ ሚዛኑ ይዋሽ እንደሆነ የሚመረምሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚመረምሩት የቅዳሜውን የሕዝብ ጉዳይ ውይይት ነው። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል። እሳቸው ደብተር ይዘው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ከአሥር ማርክ ይሰጣሉ። አሥራ አንደኛ ደብተራቸው ላይ ናቸው፤ እስካሁን ከሰባት በላይ ያገኘ የለም። በውይይቱ ማብቂያ ላይ ተመልካች ስልክ እንዲደውል ሲጋበዝ ይደውላሉ። ዘጠኝ ዓመት ደውለዋል፤ ዘጠኝ ዓመት መስመሩ ተይዟል።

እኔና እሳቸው ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ብዙ ቃልም ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የማነበውን አይተው «የሌሉ ሰዎች ሐሜት» አሉኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «የእርስዎ እንግዶችስ ያልተሠራ መንገድ ሲመርቁ አይደል የሚውሉት?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ከፊት ቴሌቪዥናቸውን፣ እኔ ከኋላ መጽሐፌን ይዘን፣ በመሀላችን የወንበሩ መደገፊያ ብቻ ሆኖ፣ በጨዋነት እንኖራለን።

ምሳ እያቀረብኩ የሆነውን ለልጄ ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የተማሪ መታወቂያ አላት፤ ቤተ መጻሕፍቱን ግን ደጁን እንኳ አታውቀውም።

«የኔን ያዢዋ እማዬ» አለች ሩዟን እያኘከች። «ፎቶው ላይ እንደሆነ አርጅቼ ነው የወጣሁት።»

«በሰው መታወቂያ? አስረው ሊወስዱኝ ነው የምትፈልጊው?»

«ልብ ወለድ ሰርቃ ተያዘች ተብሎ ዜና ይሠራብሻል» ብላ ሳቀች። መታወቂያ ያላት አታነብም፣ የምታነበው መታወቂያ የላትም፤ ይሄም ቤት ተብሎ ይኖርበታል።

ስምንት ሰዓት ሆነ። የዕለቱ ርዕስ «ትውልዱ ለምን ማንበብ ጠላ?» የሚል ነበር። እንግዳው ደግሞ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ኃላፊ። ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ሰውዬው ደህና ሰው ይመስላሉ፤ ክብ ፊት፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ትንሽ የጠበበ ኮት። ስለ ስልክ ተናገሩ፤ ስለ ወላጆች ተናገሩ፤ አባባ አራት ሰጧቸው። በመጨረሻ «የእኛ አዳራሾች ለማንኛውም አንባቢ በራቸው ክፍት ነው፤ የጠፋው አንባቢው ነው» አሉ።

«ውሸት!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት አባባ ዞረው ሲያዩኝ ነው። በእጄ ያለው ሳህን ይንጠባጠባል። በትዳር ዘመኔ ሁሉ በዚያ ፕሮግራም ሰዓት ተናግሬ አላውቅም።

«ምንድነው ውሸቱ?» አሉ፣ እርሳሳቸውን እንደያዙ። ጸጥታ የነገረችኝን፣ ሳጥኑን፣ ዜሮውን ባጭሩ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ የድሮ ሥራቸው ላይ ያሉ መሰሉ። «ይሄማ የተቀሸበ ሚዛን ነው» አሉና ስልኩን አንስተው መታ መታ አደረጉ። እኔ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ፤ መስመሩ እንደሚያዝ አውቃለሁና።

መስመሩ ገባ።

አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን የለም። ዘጠኝ ዓመት የተዘጋጁበት ነገር ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ስልኩን፣ እንደሚፋጅ ነገር፣ እኔ እጅ ላይ ጣሉት። ከውስጡ «ሃሎ፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ነዎት፤ የቴሌቪዥንዎን ድምፅ ያጥፉልን» ይላል። ልጄ ድምፁን አጠፋችው። አቅራቢው በስክሪኑ ላይ ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ነኝ» አልኩ። ስሜን አልተናገርኩም፤ ያን ያህል አላበድኩም። «በሩ ክፍት ነው ላሉት ነው። ከሰኞ ጀምሮ የተማሪ መታወቂያ የሌለው አይገባም ተብሏል። እኔ ገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነኝ። አዋላጇን ፍርድ ቤት አቁሜያት ነው የወጣሁት። ከሰኞ በኋላ ማን ሊያይልኝ ነው?»

አቅራቢው ሳቀ። ኃላፊው ግን ፊታቸው በራ፤ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ሲጠጉ አየኋቸው። «ይሄን መጽሐፍማ አውቀዋለሁ!» አሉ። «ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት! እንዲያውም እህቴ አይጨነቁ፣ አዋላጇ መጨረሻ ላይ—»

«እንዳይነግሩኝ!» ብዬ ጮኼ ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው አባባ መልሱ እንዳያመልጣቸው ድምፁን ለመመለስ እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ። ሰውዬው ደግሞ አሁንም እያወሩ ነው። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ፤ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ሪሲቨራችን አንዴ ከጠፋ ጣቢያውን ፈልጎ እስኪያገኝ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሲመለስ ውይይቱ አልቆ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሴት እጇን እየታጠበች ትዘፍናለች።

«ዘጠኝ ዓመት» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ዘጠኝ ዓመት መስመሩ እምቢ አለኝ። ዛሬ ገባ። ዛሬ ሶኬት ነቀልሽ።» ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉና አሳዩኝ። ለጥያቄው ስምንት፣ ለሶኬቱ ባዶ። ስምንት ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ለማመስገን አፌን ስከፍት ግን ፍርሃቴ ቀደመኝ። ድምፄን አለቃዬ ሰምቶት ይሆን? ኃላፊው ተዋርጄአለሁ ብለው ጸጥታን ከሥራ ያባርሯት ይሆን? ልጄንስ ከትምህርት ቤት? የልጄ ስልክ ይንጫጫል። «እማዬ፣ ሁሉም ሰው ስላንቺ ነው የሚያወራው፤ ይኸው አንዷ አዋላጇ እኮ ምን ሆና—» ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ትራስ ሥር ከተትኩት።

«ሰውዬው ስለ መታወቂያው ምን እንዳሉ ማወቅ አለብን» አሉ አባባ። ኮታቸውን ቀድመው ቆልፈውታል። አብረን ከቤት ስንወጣ ያ የመጀመሪያችን ነበር፤ ከሐኪም ቤት ሌላ ማለቴ ነው።

ዳቦ ቤቱ ጋ ገና ሳንደርስ ባለቤቱ አየኝ። «አንቺ ነሽ! ድምፅሽን አውቄዋለሁ፣ ‹ትኩስ ነው የትላንት?› ስትዪኝ የምትኖሪ! በናትሽ ስለዚያች አዋላጅ—»

«ስለ አዋላጇ አትንገሩኝ! ስለ መታወቂያው ብቻ፤ ምን አሉ?»

እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ስለ መታወቂያው... እሱን እንኳ ዳቦ እያወጣሁ አልሰማሁትም።»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ አራት ሰው ይከራከራል፤ አንደኛው ግማሽ ፂሙ ሳሙና ነው። እኔ ውጭ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ቆምኩ፤ አባባ ስለ እኔ ገቡ። በመስታወቱ ሲነጋገሩ አያለሁ። ባለ ሳሙናው እየቆመ እየተቀመጠ ይተርካል። አባባ መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ አገጫቸውን ያዙ፣ ከዚያ «ኧረ ተው!» እንደሚል ሰው እጃቸውን አወናጨፉ። ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ፊት ነው።

«ምን አሉ?»

«ስለ መታወቂያው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ ‹አጣራለሁ ብሏል› ይላል፣ አንዱ ‹መዝገብ ይቆጠር ብሏል› ይላል። አቅራቢው ‹እስከዚያስ?› ብሎ ይዞት ነበር አሉ፤ መልሱን የሰማ የለም። ሁሉም ስለ ሴትዮዋ ሲጮኽ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን አልነግርሽም።» ጥቂት ሄድን። ሳቃቸውን እንደ ሳል ሊያስመስሉት ሞከሩ። «ግን...»

«አባባ!»

«ጎበዝ ሴት ናት። ይሄን ብቻ ነው የምልሽ።»

«አባባ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ዝም ይበሉ!»

«የሌሉ ሰዎች ሐሜት» ያሉኝ ሰውዬ አሁን አንዷን ከእኔ በላይ ያውቋታል። መንገዱን ሁሉ አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ተዉት። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ልድፈን ወይስ ልጠይቅ እያልኩ፣ በፍርሃቴ መሀል ደስ ብሎኝ ስሄድ ራሴን አገኘሁት።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከመሀላቸው ያ የአምቡላንስ ሹፌር የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ወጣ። አለቀላት፣ ጸጥታ ልቧ ቆሟል፣ ገዳይዋ እኔ ነኝ። «ማን ነው የታመመው?» ብዬ ጮኽኩ። ሹፌሩ ግራ ገባው። «ማንም። ወንበር አልቆ ነው፤ ከጎረቤት ልዋስ ነው» አለኝ።

ማስታወቂያው አሁንም በሩ ላይ ተለጥፏል። ጸጥታ ግን ከነሕይወቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትጽፋለች፤ ፊቷ ሰልፍ አለ። ነርስ፣ ጫማ ሠሪ፣ ሁለት ጡረተኛ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። ቀና ብላ አየችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ ምን አደረግሽኝ? ኃላፊው ራሳቸው ደወሉልኝ። በቴሌቪዥን ያሉትን አልሰማሽም?»

«ሶኬት ነቅላ ነበር» አሉ አባባ።

ጸጥታ ነገረችን። ‹ከተማሪ ሌላ አንባቢ በመዝገባችን የለም፤ ካለ ይቆጠር› ብለዋል ኃላፊው። አቅራቢው ‹እስኪቆጠርስ ማስታወቂያው ምን ይሁን?› ብሎ ሁለት ጊዜ ቢጠይቃቸው፣ ሕዝብ ፊት ናቸውና፣ ‹ይነሳ፤ አንድ ወር ይቆጠርና በቁጥሩ እንወስናለን› አሉ። «ያው ይነሳ ተብሏል፤ እኔ እጄ አልፈታ ብሎኝ ነው። አንቺ አንሺው።»

«እኔ? ኋላ ንብረት አጠፋሽ ብባልስ?»

አባባ ወደ በሩ ሄዱ። አራቱን ማዕዘን በጥፍራቸው ቀስ ብለው አላቀው፣ ወረቀቱን ሳይቀዱ አጥፈው ጸጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተራችን ደረሰ። መዝገቡ ላይ «የተማሪ ቁጥር» የሚለውን በመስመር ሰርዛ ከላዩ «ሥራ» ብላበታለች። እኔ ስሜ በማንኛውም ዝርዝር ውስጥ ባይገባ የምመርጥ ሰው ነኝ። ዝርዝር ሲያዝ የቀናው ሰው ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ከኋላዬ ያለችው ነርስ «ምነው፣ ስምሽ ጠፋሽ?» አለች። ጻፍኩት፤ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ። ሃያ ሰባተኛ ነበርኩ። አባባ ከሥሬ ሃያ ስምንት ላይ «የሚዛን ተቆጣጣሪ፣ ጡረታ» ብለው በሚያምር ጽሕፈታቸው አሰፈሩ።

መጽሐፌ ከመደርደሪያው የለም። ተሰርቋል ብዬ ነበር፤ ግን የወሰደው ሹፌሩ ነበር፣ በተዋሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሲያየኝ አንስቶ ሰጠኝ። «ውሰጂ፣ እኔ ገና ሦስተኛ ገጽ ላይ ነኝ፤ አዋላጅ የምትባል አልመጣችልኝም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ያንቺ፣ ማታ ማታ ከፈረቃ በኋላ የእኔ ይሁን። ግን ታዲያ እንዳትነግሪኝ!»

«እኔ?» አልኩት። «ሞቼ እገኛለሁ!»

መስኮቶቹ መጋረጃ ስለሌላቸው የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። አዋላጇን ያቆምኩበት ቦታ አገኘኋት። ዳኛው መነጽሩን አጠለቀ። ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ ምስክሮቹን አንድ በአንድ፣ የእናቶቹን ለቅሶ፣ የችሎቱን ጸሐፊ ሳል እንኳ ሳልዘል። ፊት ለፊቴ አባባ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን ልብ ወለድ አውጥተው፣ እርሳስ ሳይዙ ያነባሉ፤ አንዳንዴ ቀና ብለው የት እንደደረስኩ በገጹ ውፍረት ይገምታሉ። «ጸጥታ» የሚል ድምፅ አንዴም አልተሰማም፤ ሕፃኑ እንኳ ተኝቷል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጸጥታ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ዳኛው ፋይሉን ገልጦ ፍርዱን ሊያነብ ከመቀመጫው ቀና ብሏል፤ ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ጣቴ የሚቀጥለው ቅጠል ጫፍ ላይ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ጨረስሽ?» አሉ አባባ በሹክሹክታ።

«አልጨረስኩም።»

«ታዲያ አሥር ደቂቃ እኮ አለሽ፤ ምነው?»

«ሰኞ አለ» አልኳቸው።